አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀየር ማሊያ

ወንድሜ አፍንጫዬን የሰበረው ሶዶ በመጣ በሁለተኛው ወር፣ ዝናብ ባጨቀየው ሜዳ ላይ፣ ኳስ ሳልይዝ ነው። ኳስ ያልያዘ ሰው መጣል በራግቢ ክልክል መሆኑን ያስተማረን ራሱ ነበር። ስለዚህ ትከሻው ፊቴ ላይ አርፎ አጥንቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል፣ ስህተት ነው ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

ወድቄ አልቀረሁም። ተነሥቼ በግንባሬ አገጩን መታሁት። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረም። ጭቃው ውስጥ ተንከባለልን፤ እሱ በጡጫ፣ እኔ በክርኔና በጉልበቴ። የምናሠለጥናቸው ወጣቶች ዙሪያችንን ቆመው ያያሉ። ማን ደፍሮ ይግባ? አንዳችን የትምህርት ቤታቸው የስፖርት መምህር፣ አንዳችን ከውጭ የመጣ አሠልጣኝ፣ ሁለታችንም ወንድማማች ነን። በመጨረሻ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አንገቴን አነቀኝ። ከከንፈሩ የሚንጠባጠበው ደም ፊቴ ላይ ይወርዳል። በእንግሊዝኛ ጮኸብኝ።

«አንተን አስቀሩህ! እኔን ሰጡኝ! አንተን አስቀሩህ!»

ከዚያ ለቀቀኝና ተነሥቶ ሄደ። እኔ እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ ደሜን እየዋጥኩ ቀረሁ።

እናታችን እሱን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ሞታለች። ያኔ የምንኖረው ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር። አባታችን በጥቂት እንሰትና ስኳር ድንች ነበር የሚያኖረን። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ያን ሰሞን ሕፃናትን ወደ ውጭ የሚልኩ ሰዎች በየመንደሩ ይዞሩ ነበር፤ «ይማራል፣ ይመለሳል» አሉት አባቴን። እኔ ውኃ የምቀዳ፣ ሣር የማጭድ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ገና አፉን አልፈታም ነበር። ተወሰደና ሆላንድ ገባ። አባቴ «ይመለሳል» የተባለውን ቃል አምኖ ብዙ ዓመት ጠበቀ፤ ከዚያ መጠበቁን ተወ፤ ከዚያ ስሙን መጥራትም ተወ። እኛም ወደ ሶዶ ገባን። እኔ መምህር ሆንኩ፣ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነ።

አሳዳጊ እናቱ አፈላልጋ አገኘችንና ወንድሜ መጣ። በራችን ጠበበው። አንገቱና ጭንቅላቱ እኩል ወፍራም፣ ጆሮዎቹ በግጥሚያ ብዛት የተኮማተሩ ሰው። አባቴ ከወንበሩ ተነሣ፣ እጁን ዘረጋለት፣ ጨበጠውና ተመልሶ ተቀመጠ። በቃ ይኸው ነበር።

የመጣበትን ጉዳይ ያስረዳነው በማግስቱ ነው። አባቴ ቤት ውስጥ በወላይትኛ ብቻ ይናገራል፣ ወንድሜ በእንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ፤ መካከል ላይ እኔ አለሁ። ወንድሜ የሆላንድን ብሔራዊ ማሊያ ለብሶ የተጫወተው አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። በራግቢ ሕግ ግን ያቺ ጥቂት ደቂቃ ታስረዋለች፤ ለሌላ አገር መጫወት አይችልም። መውጫው አንድ ብቻ ነው፦ ሦስት ዓመት ለየትኛውም አገር ሳይጫወት ይቀመጣል፤ ከዚያ ራሱ ወደተወለደበት፣ ወይም ወላጁ አለዚያም አያቱ ወደተወለዱበት አገር መዛወር ይችላል። ይህም በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወንድሜ ሦስቱን ዓመት ጨርሶ ነበር የመጣው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ክለቦች ተሰባስበው የኢትዮጵያን ቡድን ሊያቋቁሙ ነው መባሉን ሰምቷል። እስከዚያው ሶዶ ተቀምጦ የእኛን ልጆች ሊያሠለጥን ፈልጓል።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «አስታምመው ያሳደጉትን፣ ያስተማሩትን ሰዎች ማሊያ አውልቆ ጣለ ነው የምትለኝ?» አለ።

«ሕጉ ስለሚፈቅድለት ነው፣ አባባ።»

«ሕጉን አልጠየቅኩህም። ያበላውን እጅ ነክሶ መጥቷል። ንገረው፤ እጅ ነካሽ እዚህ ቤት አያድርም።»

ለወንድሜ፣ «አባታችን አሳዳጊዎችህን እንዳይከፋቸው ሰግቷል» አልኩት። ፊቴን አየኝ። ያልገባው ቋንቋው ብቻ ነበር፤ የአባቴ ድምፅ ገብቶታል።

«አሳዳጊ እናቴ ናት ሂድ ያለችኝ» አለ። «የሆላንድ መዝሙር ሲዘመር ሁሉም ይዘምራል። እኔ ደግሞ የተወለድኩበትን ቤት ላስታውስ እታገላለሁ። ግድግዳ እንኳን አይመጣልኝም። ወደ ሜዳው የገባሁት በንዴት ነበር። የመጀመሪያውን ሰው የመታሁት በዚያ ንዴት ነው። ሰውየው በቃሬዛ ወጣ።»

ይኼን አልተረጎምኩም።

አባቴ ያለውን አላደረገም፤ አላባረረውም። ግን በአንድ ገበታ እየቀረቡ ሁለቱ አንድ ቃል አይለዋወጡም። አፍንጫዬ የተሰበረ ዕለት ደሜን እያየ፣ «እሱ ከመጣ ወዲህ ቤቴ ደም አያጣውም» አለና ጸሎት ቤት ሄደ። እኔና ወንድሜ አብረን ኦቶና ሆስፒታል ሄድን። አፍንጫዬን ሲያቃኑልኝ እጄን ያዘኝ። ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ስንወጣ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱ ከጉልበቴ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ሁለታችንም አላሸሸንም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ሊገጥመን መጣ። የኢትዮጵያን ቡድን ለማቋቋም የሚሯሯጡት ሰዎችም ወንድሜን ሊያዩት አብረው መጥተዋል። ሕዝቡ ኳስ አለ ሲባል ሜዳውን ሞላው። ኳሱ ሞላላ መሆኑን ሲያይ ሳቀ፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን ሳቁ ቆመ።

እንግዶቹ ልምድ ነበራቸው። የእኛ ልጆች ያላቸው ጉልበትና እልህ ብቻ ነው። ከአረካ የመጣ አንድ ልጅ ገና በመጀመሪያው ግጭት ሁለት ጥርሱን ተፋ፤ አፉን በእጁ ይዞ መጫወቱን ቀጠለ። ጭንቅላትና ጭንቅላት ሲጋጭ ድምፁ ዳር ድረስ ይሰማል። ከእንግዶቹ መካከል አንድ አጭር፣ እንደ በርሜል የደነደነ ሰው ነበር፤ ወንድሜን ለይቶ ይዞታል። ኳስ በነካ ቁጥር ይደርስበታል። አንዴ ክንዱን አንገቱ ላይ አሳርፎ ጣለው። ዳኛው አስጠነቀቀው። ወንድሜ ቅንድቡ ተተርትሮ፣ ግማሽ ፊቱ ደም ለብሶ ተነሣ። ሰውየውን ፈገግ ብሎ አየው፤ በሚቀጥለው ዙር ከነኳሱ አንሥቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ሕዝቡ እልል አለ። ያ እልልታ ያስፈራ ነበር፤ የጨዋታ እልልታ አልነበረም።

ከዚያ ክምሩ መጣ። ወንድሜ ኳሱን እንዳቀፈ ወደቀ፤ የሁለቱም ወገን ሰዎች በላዩ ተረባረቡ። ያ በራግቢ የተለመደ ነው፣ ሕግም አለው። ከዳር ለሚያይ ሰው ግን አንድ ልጅ መሬት ላይ ተዘርግቶ አሥር ሰው እየረገጠው ነው። እኔ ራሴ ክምሩ ውስጥ ነበርኩ። በርሜሉ ሰውዬ ኳሱን ትቶ በጫማው ብረት የወንድሜን ጀርባ ሲረግጥ አየሁት። አንዴ፣ እንደገና። ወንድሜ አቃሰተ።

በዚህ መካከል የማላውቀው ጥቁር ነገር በራሴ ላይ አለፈ። የታጠፈ ዣንጥላ ነበር። የዣንጥላው የእንጨት እጀታ የሰውየው ጆሮ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። ዣንጥላው ደገመው፤ ራሱ ተፈነከተ። ቀና ብዬ ሳይ አባቴ ነው። አልመጣም ብሎ የማለው አባቴ፣ የእሑድ ኮቱን እንደለበሰ፣ ጫማውን ጭቃ ውጦት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ዣንጥላውን አንሥቷል። በሕይወቴ ሰው ሲመታ አይቼው አላውቅም፤ እኔንም መትቶኝ አያውቅም።

«አባባ!» ብዬ ወገቡን አቀፍኩት። እየታገለኝ ወደ ሰውየው ይንጠራራል። አጥንቱ እንደዚያ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሽማግሌ ሲገባ ያየ ሕዝብ ማን ያቆመዋል? ሜዳው ፈረሰ። በትር የያዘ በበትር፣ ያልያዘ በድንጋይ እንግዶቹ ላይ ወረደ። የመጡበት መኪና መስታወት ሲረግፍ ሰማን። ዳኛው ኳሱን ጥሎ ሮጠ። የእኛ ተጫዋቾች እስካሁን ሲገጥሟቸው የነበሩትን እንግዶች ከበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በጀርባቸው ድንጋዩን ተቀበሉ። በርሜሉ ሰውዬ ግን መነሣት አልቻለም፤ ከጆሮው ደም ይፈስሳል። ወንድሜ በላዩ ላይ ተደፋበት። ሊመታው የመጣ መስሎት ሰውየው ከሥር ይመታው ነበር፤ ድንጋይ ደግሞ ከላይ ወንድሜን ይመታዋል። ፖሊስ ደርሶ ወደ ሰማይ እስኪተኩስ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

አባቴ ዣንጥላውን እንደያዘ ተያዘ። ፖሊስ ጣቢያ እኔም ወንድሜም ተከትለነው ገባን። መርማሪው ወጣት ነበር፤ አንድን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በድብደባ ወንጀል መመርመር እንዳሳፈረው ያስታውቃል።

«አባት፣ እርስዎ ምን አስገባዎት? ጨዋታ እኮ ነው።»

«እየገደሉት ነበር።»

«ማንን?»

አባቴ በአገጩ ወደ ወንድሜ አመለከተ።

«ምንዎ ነው እሱ?»

አባቴ አማርኛውን ተወና በወላይትኛ መለሰ። «ታ ናኣ» አለ። ልጄ ነው። መርማሪው ጻፈ። ወንድሜ ያንን ቃል ከሠፈር ልጆች ተምሮ ያውቀዋል፤ መተርጎም አላስፈለገኝም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን በክንዶቹ መካከል ደበቀ።

አባቴ በዋስ ተለቀቀ። ቤት ስንደርስ ወንድሜ አላስቀመጠንም። «አሁን ጠይቅልኝ» አለኝ። «ለምን እኔን?»

ጠየቅኩለት። አባቴ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ኮቱ እንዳዞረ መለሰ።

«ትልቁ ያውቀኝ ነበር። ብሰጠው ያስታውሰኛል፤ ሲያለቅስ ይኖራል። ትንሹ ግን ገና አፉን አልፈታም። ይረሳኛል፣ ምንም አይጎዳም ብዬ ነው።»

ያለ አንድ ጭማሪ ነገርኩት። ወንድሜ ዞሮ ግድግዳውን በጡጫ መታ። የጭቃው ምርጊት እስኪረግፍ፣ ማገሩ እስኪታይ፣ እጁ ደም በደም እስኪሆን መታ። ላስቆመው ስል አባቴ በእጁ ከለከለኝ። «ተወው፣ ይምታ» አለ። «ቤቱ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ይዘን ወደ ተጎዳው ሰው ሄድን። ራሱ ተሰፍቷል፣ ጆሮው በፋሻ ተጠቅልሏል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ሰውየው ይቅርታውን ተቀበለ፤ ግን አልሳቀልንም። «አባት፣ ይቅር ብያለሁ። በዚህ ጆሮዬ ግን እስካሁን አልሰማም» አለ። ሲሻለው ይሰማል ብለን ተመለስን። ይሰማ አይሰማ ዛሬም አላውቅም። አባቴን ቤተ ክርስቲያን ከሽምግልና አገልግሎት አገደችው። ውርደት የሚመስል ነገር ነበር፤ እሱ ግን ፍርዱ ትክክል ነው ብሎ ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ማምለኩን ቀጠለ።

ወንድሜ ለኢትዮጵያ ተጫወተ። ከኬንያ ከመጣ ቡድን ጋር አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ እኔ ሄጄ አየሁ። መዝሙሩ ሲዘመር ቃሉን በደንብ አያውቀውም፤ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ክፉኛ ተሸነፍን። ማለቂያው ላይ አንድ ግዙፍ ተጫዋች መቶት ትከሻው ወለቀ፤ በቃሬዛ አውጥተው ዳር ላይ መለሱለት፤ ጩኸቱን ሕዝቡ ሁሉ ሰማ። አሁን ወደ ሆላንድ ማሊያ መመለስ አይችልም፤ ያለው ይኼ ብቻ ነው። ይኼንን እያሰብኩ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ አባቴ ደወለ።

«ማን አሸነፈ?»

«ተሸነፍን፣ አባባ።»

«ልጁስ?»

«ትከሻው ወልቆ ነበር፤ መለሱለት።»

«የመታውን ሰው አየኸው?»

«አየሁት።»

«ቁመቱ ምን ያህል ነው?»

ወንድሜ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ትከሻውን ሲያመው ጮኸ፣ እየጮኸም መሳቁን አላቆመም። አባቴ በስልኩ ውስጥ ጩኸቱን ሰምቶ፣ «ማነው የነካው? ማነው አሁን የነካው?» እያለ ይቆጣ ነበር።