ጣቴን የሳለችው ምራቴ

በሁለት ሺህ አስራ አምስት ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤቴ ቡራዩ ነው፤ ድንጋዩን ራሴ ጠርቤ ራሴ የደረደርኩት ቤት። ሚስቴ ካረፈች በኋላ የመጨረሻው ልጄ የአዲስ አበባ ኪራይ ሲከብደው ሚስቱን ይዞ እኔ ዘንድ ገባ። እሰየው ብያለሁ። ግን ሰው ቤትህ ሲገባ ዓይንህን ከፈት ማድረግ አለብህ፤ ልጅህም ቢሆን።

ልጄ ሚኒባስ ይነዳል፤ ማለዳ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው። ምራቴ የሰበታ ልጅ ናት፣ በኦሮምኛ የተማረች። ቀኑን ሙሉ ቤት ትውላለች። ሥራዬ ሥዕል ነው አለችኝ። እኔ ሥዕል የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው፤ ቀለም አለው፣ ብሩሽ አለው፣ የሚሸት ነገር አለው። የሷ ጥቁር መስታወት የመሰለ ታብሌትና ቀለም የሌለው እስክሪብቶ ነው። ጫን ስታደርገው መስመሩ ይወፍራል፣ ላላ ስታደርገው ይቀጥናል። ካልጣማት በሁለት ጣቷ መስታወቱን መታ ታደርገዋለች፤ መስመሩ እንዳልነበረ ይሆናል።

ይሄ ነገር ከመጀመሪያው አልተዋጠልኝም። አርባ ዓመት ድንጋይ ጠርቤያለሁ። መሮው አንዴ ከሳተ ሳተ፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ሠርቶ ምልክቱን ማጥፋት የሚቻልበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

አንድ ቀን «አባባ፣ እርስዎም ይሞክሩት» ብላ እስክሪብቶውን ዘረጋችልኝ።

«ያልገባኝ ነገር ላይ እጄን አላሳርፍም» አልኳት።

እጅ ማሳረፍ እኔ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን እጽፋለሁ፤ ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣልኝም። ስለዚህ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። መሬት ጽሕፈት ቤት ፋይሌ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። የቤቴ ካርታ ደግሞ የተጻፈው በቁቤ ነው። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ፤ በላቲን ሲጻፍ ግን አንድ ቃል አላነብም። እንግዲህ ይሄን ቤት የኔ የሚያደርገው የማላነበው ወረቀትና አንድ ጣት ነው።

በዚያ ሰሞን ደላሎች ሰፈራችንን ያዘወትሩ ነበር። በር እያንኳኩ «ይሸጣል?» ይላሉ። አባርራቸዋለሁ። አንድ ምሽት ልጄ እራት እየበላ፣ እንደ ዋዛ፣ «አባዬ፣ ካርታው የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«እንዲሁ ነው።»

እንዲሁ ብሎ ነገር የለም። ነገሩን በልቤ ያዝኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ካልኩበት ተነስቼ ሳሎን ስወጣ ምራቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትስላለች። መስታወቱ ላይ የተዘረጋ እጅ አለ። ቀረብ አልኩ። የኔ እጅ! አውራ ጣቱን ዳቦ አሳክላ አጉልታ፣ ላዩ ላይ ያለውን መስመር አንድ በአንድ ትስላለች።

«ምንድነው ይሄ?»

ደነገጠች። «እጅዎ ነው አባባ። የልጆች መጽሐፍ ሽፋን ነው፤ ስለ ድንጋይ ጠራቢ።»

«ከየት አገኘሽው?»

«ትናንት ተኝተው ሳለ ፎቶ አንስቼው ነው። ፎቶውን ከሥር አድርጌ በላዩ ላይ እስላለሁ።»

«የታለ ፎቶው? አይታየኝም።»

«ደብቄው ነው። መስመሩ ብቻ እንዲታይ።»

ደብቄው! በገዛ አፏ። ደላላ፣ ካርታ፣ አሁን ደግሞ ጣት። ክፍሌ ገባሁ። ካርታውን ከሳጥን አውጥቼ በላስቲክ ጠቀለልኩና ሸሚዜ ሥር ሆዴ ላይ በቀበቶ አሰርኩት። አውራ ጣቴን በጨርቅ ሸፍኜ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ባለሱቁ ጣቴን አይቶ «ኦቦ፣ በዚህ ዕድሜ መዶሻ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ። ነገሩን ሳጫውተው በሳቅ ፈረሰ።

«ወላሂ ኦቦ፣ ሥዕል ቤት ሲሸጥ አይቼም ሰምቼም አላውቅ!»

«አንተ ስለ መስታወት ምን ታውቃለህ?»

«ለምን አላውቅም?» አለና ስልኩን አነሳ። ጣቱን አስነካው፤ ስልኩ በራ፣ ተከፈተ።

«ምን አደረግከው?»

«በጣቴ እኮ ነው የምከፍተው። ከኔ ጣት በቀር ማንም...» ብሎ ሳይጨርስ ቆመ።

«ይኸው!» አልኩት። «መስታወት ጣት ያውቃል ማለት ነው።»

«ቆይ ግን...» አለ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ልጄ ሲገባ ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው። «ጣቴን ከዚያ ነገር ውስጥ አውጪልኝ» አልኳት። «አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ።»

ምራቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «ነገ የማስረክበው ነው አባባ። ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እሱም ያውቃል። ካርታው የት ነው ያለኝ ማን ነው?»

«ጣሪያው እኮ ያፈሳል!» አለ ልጄ። «ሳጥኑ ያለው እሱ ሥር ነው። ካርታው እዚያ ውስጥ ካለ እንዳይርስ ብዬ ነው።»

«ታዲያ እንዲሁ ነው ለምን አልከኝ?»

«ጣሪያው ያፈሳል ብል፣ ቤቴን ናቅህ ብለው ሦስት ቀን ያኮርፉኛላ!»

ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም።

ምራቴ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጣቱን አጎላችው። «ጨርቁን ይፍቱና ያስተያዩት» አለች። ፈታሁና ጎን ለጎን አደረግኩት።

ሥዕሉ ላይ ያለው ጣት መስመር በመስመር ነው፤ የታረሰ መሬት ይመስላል። የኔ ልሙጥ ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ በልቶታል፤ የቀረው አንድ የመሮ ጠባሳ ብቻ ነው። ለፊርማ ስሄድ እንኳ «አልወጣም፣ ይድገሙት» እያሉ ሦስት አራት ጊዜ ነው የሚያስነኩኝ።

«ታዲያ ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የኔ» አለች ቀስ ብላ። «ፎቶው ላይ መስመሩ አልታይ ሲለኝ የራሴን ጣት እያየሁ ሳልኩት።»

ልጄ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ። እኔ አልሳቅኩም። «በኔ እጅ ላይ ያንቺን ጣት ተከልሽ? ይሄማ ባሰ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እውነተኛውን ሳዪ። መስመር ከሌለው የለውም።»

ጣቴን ዘረጋሁላት። መታ መታ ስታደርግ መስመሮቹ እየተነቀሉ ሄዱ። ከዚያ ጠባሳውን ጀመረች፤ ከሥሩ ጫን አድርጋ፣ ወደ ጫፉ ላላ አድርጋ ለቀቀችው። መሮው የገባው ልክ እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ጠልቆ፣ ከዚያ ሸርተት ብሎ። ማን ነገራት? መቼም ያ መስመር ሥራ የሚያውቅ ሰው መስመር ነው። አፍ አውጥቼ ግን አላልኳትም።

ልተኛ ጫማዬን ስፈታ ነው የታወሰኝ። መስታወቱ ውስጥ የነበረው የሷ ጣት ነበር። አሁን የገባው የኔ ነው፤ እውነተኛው። ያስገባሁትም እኔው፣ እጄን ዘርግቼ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሚኒባሱን ሳያስነሳ በራቸውን አንኳኳሁ። «ልበሺ፣ መሬት ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። ቁቤውን ታነቢልኛለሽ» አልኳት። የተነካ ነገር እንዳለ ልይ ብዬ ፋይሌን አስወጣሁ፤ ካርታውንም ከሆዴ ፈትቼ አጠገቡ ዘረጋሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው እንደገና አስነበብኳት፤ አንድ ቃል እንዳይለወጥ ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ።