የቢ ራያ እጅ

ቢ ራያ፣ እመት ራያ እንደማለት ነው፣ የባሌ የአትማኒ የመጀመሪያ ሚስት ናት፤ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ። በደሴታችን በላሙ ስለ እሷ ክፉ የሚያወራ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ ሥራው እኔ ላይ ወድቋል።

አባቷ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት ልኮ አስተማራት። አትማኒ ግን የሚያውቀው የቁርኣን ፊደል ብቻ ነው። የአጣና ንግዱ ሲሰፋ ባንክ ሒሳብ ሊከፍት ሆነ። የባንኩ ሰው ከጁምዓ ሶላት በኋላ የፊርማ ካርድ ይዞ መጥቶ፣ ደጃፋችን ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። አትማኒ ጎረቤት ፊት መዋረድ አልፈለገም። "ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ልፈርም" ብሎ ካርዱን ይዞ ገባ። እንግዳ ወንድ መጋረጃ አያልፍም፤ ከመጋረጃው ጀርባ የፈረመችው ቢ ራያ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአትማኒን ቼክ ሁሉ እሷ ትፈርማለች።

እኔ ከተዳርኩ ወዲህ ይህ ነገር አንጀቴን አሳርሮታል። የስፌት መኪና ፈለግሁ፤ አትማኒ "እሺ የኔ ቆንጆ" አለኝ፤ ቼኩ ግን በጣውንቴ በር ዞሮ መጣ። ስትሰጠኝ ፊቷን እንኳ አላጠቆረችም።

"ሰማያዊውን ግዢ ሳውዳዬ፣ እሱ አይጮህም" አለችኝ።

ክፉ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት። ቀዩን ገዛሁ፤ ይጮሃል።

ዘንድሮ ባንኩ ፊርማ የሚመረምር ማሽን አስገባ። ቅርጹን ብቻ ሳይሆን የፈራሚው እጅ የት እንደፈጠነ፣ የት እንደተጫነ ሁሉ ያውቃል፤ አስመሳዩን ይይዛል አሉ። ደስ አለኝ። ቢ ራያ እንድትታሰር አልፈለግሁም፤ ከባሌ ስም ላይ እጇን እንድታነሳ ነው የፈለግሁት። ሄጄ ለባንኩ ሠራተኛ ለሙቱኩ፣ የአትማኒን ፊርማ ሌላ ሰው እንደሚፈርም ሹክ አልኩት።

ሙቱኩ አትማኒን አስጠራው። እኔም አዲሱን ቡይቡዬን፣ ጥቁሩን መደረቢያዬን፣ ለብሼ ተከተልኩት።

"እዚህ የማሽኑ መስታወት ላይ ይፈርሙልኝ፣ አባቴ።"

አትማኒ ምላሱን ነክሶ ፈረመ። ቀይ በራ። ደገመው፤ አሁንም ቀይ።

"ይሄ የአትማኒ ፊርማ አይደለም። መታወቂያዎትን እስቲ።"

"አትማኒ እኮ እኔ ነኝ።"

"ማሽኑ እንደሱ አይልም፣ አባቴ።"

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል፤ እኔ አርቄው ባሌን ከተትኩበት። ለካ ማሽኑ ሲማር የከረመው ከድሮው ካርድና ከድሮዎቹ ቼኮች ነው። እሱ የሚያውቀው አትማኒ ቢ ራያ ነበረች።

አትማኒ በላብ ተጠመቀ፤ እውነቱን አወጣው።

"የምትፈርመው ባለቤቴ ናት። ሰርቃኝ አይደለም፣ እኔው ነኝ ያልኳት። እጄ እሷ ናት።"

እጄ አለ። ለእኔ "ዓይኔ" ይለኛል፤ እሱን ለድመቱም ይለዋል።

"እንግዲያው ትምጣና ውክልና ይስጧት፤ በሕግ ይሁን" አለ ሙቱኩ።

አትማኒ ወደ እኔ ዞረ። "ሳውዳ፣ ቶሎ በይ፣ ታላቅሽን ጥሪያት።"

ልነቅላት ያሰብኳትን ሴት ልጠራ በአዲስ ቡይቡይ ሮጥኩ። ኮኮናት ስትፈቀፍቅ አገኘኋት። እጇን ታጥባ መጣች፤ ማን እንዳሳበቀባት እንኳ አልጠየቀችም። መስታወቱ ላይ ፈረመች፤ አረንጓዴ በራ። አትማኒ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ውክልናው ላይ አሳረፈ፤ እሷም ከጎኑ ፈረመች።

"ምስክር ይጎድላል" አለ ሙቱኩ፣ እኔን እያየ።

ቢ ራያ እስክሪብቶውን አቀበለችኝ። ከባሌ ስም አጠገብ በገዛ እጄ ስፈርም የመጀመሪያዬ ነበር፤ የፈረምኩትም እሷ እጁ ሆና እንድትኖር ነው።