ጎንበስ ሲሉ የማይሸሽ ውሻ

ሆሳዕና ውስጥ ውሻ ለማባረር ድንጋይ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃል። እጅ መሬት ሳይነካ፣ ጣት ጠጠር ሳይጨብጥ፣ ውሻው ጅራቱን እግሮቹ መሃል ከትቶ ጥጉን ይይዛል። የጫማውን ክር ለማሰር ያጎነበሰ ሰው የአንድ ቅያስ ውሾችን ሲበትን አይቻለሁ። በከተማችን ያለ አስከባሪ የሚከበር ደንብ ከዚህ ሌላ አላውቅም። እኔ ደግሞ፣ አርፎ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው፣ ይህንኑ ደንብ ለማፍረስ ተነሣሁ።

ምክንያት ነበረኝ። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ለመንገድ ውሻ ዳቦ ስታቀብል እጇን ተነከሰች፤ ከዚያ በኋላ በመርፌ ስትሰቃይ ከረመች። አያቷ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ለባለቤቴም በአባቷ በኩል የሚዛመዱ ሰው ናቸው። ሰፈሩን ሰበሰቡና አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ከሀዲያ ዘመን መለወጫ ከያሆዴ በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት መርዝ የተነከረ ሥጋ መንገድ ላይ ይጣላል፤ ውሻ ያለው በግቢው ይያዝ፤ ውጭ ለተገኘው ማንም አይጠየቅም። ስብሰባ ላይ መቃወም ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ግን ልጅቷ እጇ እንደታሰረ አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ስለነበር አፌን ዘጋሁ።

ችግሩ የእኛ ውሻ በግቢ የሚያዝ አለመሆኑ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከሀቢቾ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ያመጣልን የገጠር ውሻ ነው። አንገቱ ከጭንቅላቱ ስለሚወፍር የታሰረበትን ሁሉ እንደ ባርኔጣ አውልቆ ይሄዳል። ጓሮ ተከራዮች አሉን፤ የቆርቆሮው በር ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፤ በተከፈተ ቁጥር ውሻው ውጭ ነው። ስም እንኳ አልወጣለትም። ስንፈልገው «ኩቲ»፣ ስንሰለቸው «ክላ» እንለዋለን፤ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ አይሰማም።

«ቅዳሜ ዕቃ ቤት ቆልፈህበት ዋል» አለች ባለቤቴ።

«ቦይ ውስጥ የሚቀረው ሥጋ እሑድም ሰኞም ይገድላል። እድሜ ልኩን ዕቃ ቤት ይኑር?»

ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ያስፈልገኝ ነበር። ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ ፍለጋ ገባሁ። እኔ ሰው ስልኩን ፈልጎ ሳይሆን ሕይወቱን ሸሽቶ ነው የሚከፍተው እያልኩ ስንት ዓመት የተከራከርኩ ነኝ። ሣሩ ምንጣፍ በሚመስል መስክ ላይ አንዲት ፈረንጅ ውሻዋን ታስተምራለች። ትምህርቱ ሁለት ነው። መጀመሪያ ምግቡን ጨብጠህ ትቆማለህ፤ ውሻው ጭብጥህን ትቶ ዓይን ዓይንህን ሲያይ ትሸልመዋለህ። ከዚያ ባዶ መዳፍህን ዝቅ አድርገህ ትዘረጋለህ፤ አፍንጫውን መዳፍህ ላይ ሲያሳርፍ ትሸልመዋለህ። መዳፍ መንካት የለመደን ውሻ ከየትም ቦታ ወደ እጅህ ትስበዋለህ። የሷ ሽልማት አይብና የተቀቀለ ዶሮ ነበር። ለእኛው የቆጮ ፍርፋሪና ከሉካንዳ የለመንኩትን ቅንጥብጣቢ አዘጋጀሁ። ትእዛዞቹንም በአማርኛ አወጣሁላቸው፦ «እየኝ» እና «ንካ»።

ባለቤቴ በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጠች ታየኝ ነበር።

«ልጆቻችን ስንጠራቸው ሲመጡ አንድ ቀን ሥጋ ቆርሰህ አጉርሰሃቸዋል?»

«እነሱ መቼ መጡ?» አልኳት።

«እየኝ» ከጠበቅሁት በላይ አስቸገረ፤ ጥፋቱም የውሻው አልነበረም። እኔ ቆሜ እግሬ አይቆምም፤ ወይ መሬት እመታለሁ ወይ ቁልፍ አሽከረክራለሁ። ውሻው የሚንቀሳቀሰውን ይከተላል፤ ያውም ትክክል ነው። ክፍል ውስጥ «ወደዚህ ተመልከቱ» ስል የኖርኩ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ እኔን ትተው የሚያዩት ጠመኔ የያዘውን፣ ዕረፍት የሌለውን እጄን እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ ትኩረት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። መጻሕፍቱ ሁሉ ስለ ተመልካቹ እንጂ አልረጋ ብሎ ስለሚታየው ሰው አያነሡም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ውሻው ጭብጤን አሸተተ፣ ላሰ፣ በእግሩ ቧጨረ፤ ተስፋ ቆርጦ ቀና ሲል ዓይናችን ተጋጠመ። ፍርፋሪውን ሰጠሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደርቆ የሚያየኝ ፍጡር ሆነ።

«ልጅ ቢሆን ዓይን አውጣ ተብሎ ይቆነጠጥ ነበር» አለች ባለቤቴ።

እውነቷን ነው። ሁለታችንም ታላቅ ሰው ሲያናግረን መሬት መሬት እንድናይ ሆነን ያደግን ነን፤ እኔ በሰሜን ሰዎች ቤት፣ እሷ በሀዲያ ቤት፤ በዚህስ ቤተሰቦቻችን ተስማምተዋል። አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ከማንም በላይ እንደሚያዳምጥ እስካሁን አምናለሁ፤ የፈረንጅዋ ዘዴ አላሳመነኝም። ግን ሠራ። ከሚሠራ ነገር ጋር መከራከር ደግሞ አሰልቺ ነው።

«ንካ» ላይ ግን ትምህርቱ ቆመ። መዳፌን ዝቅ ሳደርግ ውሻው እንሰቱ ሥር ገባ። ቆጮ ይዤ ዝቅ አልኩ፤ እንሰቱ ሥር ሆኖ አየኝ። ፈረንጅዋ ይህን አልነገረችኝም፤ በሷ አገር ጎንበስ ያለ ሰው የሚያነሣው ኳስ ነው።

ስለዚህ ከመሬት ጀመርኩ። ከረጢት አንጥፌ መሬት ተቀመጥኩና እጄን እንደ ወደቀ ዕቃ ጎኔ ተውኩት። ተከራዮቹ ሲወጡ ሲገቡ «መምህር፣ አሞህ ነው?» ይሉኛል። ውሻው ዞሮ ዞሮ መጣና መሬት ላይ ያለውን መዳፍ ነካ፤ በላ። ሲለምደው ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ በጉልበቴ፣ ከዚያ ቆሜ ትንሽ ዘንበል። አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ቆሜ፣ ሙሉ በሙሉ ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ መሬት ብሰድ፣ ከግቢው ዳር ሮጦ መጥቶ ቀዝቃዛ አፍንጫውን መዳፌ መሃል ተከለው። ከበሩ ውጭም ሞከርኩት። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ሲፈረጥጡ የእኛው ብቻ ወደ እኔ ሮጠ። ያን ዕለት ማታ ከወትሮው በላይ አወራሁ መሰለኝ፣ ባለቤቴ «አንድ ውሻ ነው እኮ» አለች።

አርብ ከሰዓት እሷ የታጠበ ልብስ ከሣፋ ልታወጣ ጎንበስ አለች። ውሻው ተነሥቶ ሄደና አፍንጫውን እርጥብ እጇ ላይ አሳረፈ። ከተከራዮቹ አንዷ የወደቀ መቆንጠጫ ልታነሣ አጎነበሰች፤ እሷንም ነካት። ባለቤቴ ልብሱን እንደያዘች ቆመች።

«አንተ» አለች ዝግ ብላ፣ «ይኼ እኮ ለማንም ነው የሚመጣው።»

ሥጋ የሚጥል ሰው ጎንበስ ይላል። ከሀቢቾ ይዞት የመጣው ፍርሃት እስከዚያ ቀን ጠብቆት ነበር፤ እሱን በቆጮ ገዝቼ ወስጄበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ቤት ቆለፍኩበት። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከበር እስከ ጓሮ እመላለሳለሁ። አንድ ጊዜ ከጓሮ ስመለስ ዕቃ ቤቱ ተከፍቷል። ተከራይዋ ከሰል ልታወጣ ገብታ ኖሯል፤ የውጩም በር ገርበብ ብሏል።

ወጣሁ። ጎረቤታችን ከታች ቅያሱ ጋ ፌስታል በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው፣ ሌላውን እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ቦዩ ዳር ጎንበስ ብለዋል። የመንገዱ ውሾች እንደ ልማዳቸው ርቀው ቆመዋል። የእኛው አጠገባቸው ነበር። አፍንጫውን በፌስታል የተጠቀለለው መዳፋቸው ላይ አሳርፎ፣ ቀና ብሎ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። የጣሉት ሥጋ እግራቸው ሥር ነው። አላየውም። ዋጋው ሁልጊዜ የሚከፈለው ከእጅ ነው።

«መምህር» አሉ ሳይንቀሳቀሱ፣ «ምንድነው የሚጠብቀው ይኼ?»

«የሚበላ እንዲሰጡት ነው፣ ጋሼ።»

«በእጄ ያለው ይኼው ብቻ ነው።»

«እጅዎን እንዳያንቀሳቅሱት።»

«ክላ ልበለው?»

«ተዉት። እሱን አይሰማም።»

ኪሴን ዳበስኩ፤ ባዶ ነው። «እየኝ» አልኩ። አላየኝም፤ እኔው እንዳስተማርኩት በሙሉ ትኩረቱ እሳቸውን ያያል። ተንበረከኩና ባዶ መዳፌን መሬት ላይ አኖርኩ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን። «ንካ።» አንዱ ጆሮው ዞረ። የእሳቸውን እጅ አየ፣ የእኔን አየ። ሽማግሌው እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ናቸው። ውሻው መጣ፤ አፍንጫው መዳፌን እንደነካ የአንገቱን ቆዳ በሁለት እጄ ጨመደድኩ። ዋጋውን አልከፈልኩትም።

«እኔን ለምን አልሸሸም?» አሉ ቀና እያሉ።

«እንዳይሸሽ አስተምሬው ነው።»

የተዘረጋ እጃቸውን አዩት። «የእኛዋ ልጅም እጇን የዘረጋችው አትሽሺ ብለን ስላሳደግናት ነው» አሉ። ከዚያ እግራቸው ሥር የነበረውን ሥጋ አንሥተው ወደ ፌስታሉ መለሱና ወደ ቀጣዩ ቅያስ ሄዱ። ሌሎቹ ውሾች ርቀታቸውን ጠብቀው ተከተሏቸው። ሥራቸውን አልተዉም፤ እንዲተዉም አልጠየቅኋቸውም። በማግስቱ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነበር።

አሁን የማስተምረው ተቃራኒውን ነው፦ ሌላ ሰው ጎንበስ ሲል መጀመሪያ እኔን እንዲያይ። ለዚህ የሚያጎነብስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ለምኜ አላውቅም፤ ጎረቤታችን ናቸው ራሳቸው የመጡት። እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ በራችን ላይ ይቆሙና ከዘራቸውን ለባለቤቴ ሰጥተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ባዶ እጃቸውን ወደ መሬት ይዘረጋሉ።

«እንግዲህ በለው፣ መምህር። ወገቤ እንደ ውሻህ ወጣት አይደለም።»

ውሻው ተነሥቶ ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምና ዞሮ ፊቴን ያያል። ያን ጊዜ ማድረግ ያለብኝ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ እዚያም አልረጋ ይላል።