ባቄላ ላይ የተጠመጠመው ፈትል

ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን በተጀመረባቸው ዓመታት እህቴ ራቤል ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። መብራት ሲጠፋ ከቦርሳዋ የበግ ጸጉር ፈትልና የባቄላ ቆሎ ታወጣለች። ፈትሉ በሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው። እያንዳንዱ ባቄላ ሂስቶን የሚባሉ ስምንት ፕሮቲኖች የተጣመሩበት እምብርት ነው። ፈትሉ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወደ ቀጣዩ ባቄላ ያልፋል። ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ሂስቶኑን ቆርጥመው ይወጣሉ።

ራቤል ታማ አዲስ አበባ ስትመረመር አብሬያት ነበርኩ። የደም ካንሰር ነው፣ ከጥቂት ወራት አታልፍም አሉን ሐኪሞቹ። ለእናታችን እንድነግራት ለመነችኝ። እሺ አልኩ፤ ብዙ መርዶ የዘገብኩ ጋዜጠኛ ነኝ። እናታችን ቤት ገብተን ሦስት ቀን ስለ መንገዱና ስለ ገብሱ አወራሁ። እናታችን፣ ብርድ ለማይለቃት ልጇ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ልታሠራ ትፈትላለች።

በአራተኛው ቀን እህቴ ፈገግ ብላ፣ “ጋሼ፣ አገሩን ሁሉ ስታወራ ትውልና ለእናትህ ሁለት ቃል አቃተህ?” አለችኝ። ከዚያ እናታችን አጠገብ ተቀምጣ ፈትሉን ባቄላ ላይ መጠምጠም ጀመረች። እናታችን የተፈተለ አታባክኚ ብላ ተቆጣቻት። እሷ ግን ማስረዳቷን ቀጠለች፦ ሴል ለሁለት ሲከፈል ፈትሉ ይባዛል፤ አዲስ ባቄላም ይሠራል፤ አሮጌውና አዲሱ ባቄላ ተደባልቆ ለሁለቱም ፈትሎች ይደርሳል፤ እንዳይወሳሰብ ጠብቆ ይጠቀለላል። እናታችን ፈትል ታውቃለችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እህቴ የራሷ የደም ሴሎች መከፈላቸውን ማቆም እንደተሳናቸው ነገረቻት።

“መቼ ነው የሚያቆሙት?”

“እኔ ሳበቃ፣ እማዬ።”

እናታችን እንዝርቱን አላስቀመጠችም። “እንግዲያው ባናው ቶሎ ይድረስልሽ” አለች።

ከዚያ በኋላ አንዷ ስትፈትል ሌላዋ አልጋዋ ላይ ሆና ስትጠመጥም ይውሉ ነበር። እናታችን ዳግመኛ አልተቆጣችም። እህቴ እጇ እስኪዝል ድረስ ፈትል የተጠመጠመበት ባቄላ አንድ እንቅብ ሞላች።

ባናው አልደረሰላትም።

ከአርባዋ በኋላ ሸማኔው መጥቶ ፈትሉን አየና ይጎድላል አለ። እኔ እንቅቡን አውርጄ ከባቄላው ላይ ልፈታ ጫፉን ያዝኩ። እናታችን እጄን ያዘችኝ።

“ተወው። እሷ የጠመጠመችው ነው።”

ሸማኔው ባለው ሠራ። ባናው አሁን እኔ ዘንድ ነው። ትከሻዬ ላይ ስስበው እግሬ ይራቆታል።