አንድ ሰው ብቻውን የማይወስነው

ለትምህርት ደብረ ብርሃን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የግቢያችን የክርክር ውድድር የፍጻሜ ርዕስ ተለጠፈ። ሰሌዳው ፊት የቆምነው ሁሉ ሳቅን። «የኒውክሌር ጦር መሣሪያ የመተኮስ ሥልጣን በአንድ መሪ እጅ ብቻ መሆን የለበትም» ይላል። ለፍጻሜ ካለፉት ሁለት ቡድኖች ዕጣው ሲወጣ ርዕሱን ደግፈን የምንከራከረው እኔና ጓደኛዬ ሆንን። ተቃዋሚዎቻችን ያለፈው ዓመት አሸናፊዎች፣ ሁለት የሕግ ተማሪዎች ነበሩ።

የክርክር ጓደኛዬ የእነዋሪ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ፣ «እኛ ኒውክሌር የለን፣ ምን አገባን?» አለችኝ። «ስለ ውኃ መጥፋት ቢሆን አንጀቴ እስኪርስ እከራከር ነበር።»

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ማንበብ ስንጀምር ግን ሳቃችን ቀረ። መሣሪያው ካላቸው አገሮች በአንዳንዶቹ መሪው ብቻውን «ተኩሱ» ማለት ይችላል። አማካሪዎቹ ይመክሩታል እንጂ የመከልከል ሥልጣን የላቸውም። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የወታደሮቹ ነገር ነው። ሚሳይሉን የሚተኩሰው ወታደር ብቻውን ምንም ማድረግ እንዳይችል ሁለት ሆነው አብረው ቁልፍ እንዲያዞሩ ተደርጓል። ትእዛዙ ግን ከአንድ ሰው አፍ ይወጣል።

ጓደኛዬ ደግሞ የተቃጠሉ ከተሞች ጥላሸት ሰማይ ላይ ቆይቶ ፀሐይን ሊጋርድ፣ ጦርነቱ ያልደረሰበትን አገር አዝመራ ሁሉ ሊያበላሽ እንደሚችል አነበበች። ቤተሰቧ ስንዴና ገብስ አራሾች ናቸው። ያነበበችውን አልጋዋ ላይ አስቀምጣ፣ «ያን ቀን ያልኩሽን ተይው» አለችኝ።

አባቴ ከአልዩ አምባ ደብረ ብርሃን ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። የውድድሩ ዕለት ዕቃውን አራግፎ ሊጠይቀኝ ግቢው በር ድረስ መጣ።

«አባባ፣ ከሰዓት ቆይተህ ብትሰማኝስ?» አልኩት።

«ስለ ምንድን ነው የምትከራከሩት?»

ነገርኩት። «ታዲያ ያ ሰውዬ ሲያዝ ቆይ የሚለው የለም?» አለኝ።

«ቢለውም መስማት አይገደድም።»

«አስተግፊሩላህ» አለ። ከዚያ የመኪናውን በር ቆልፎ ተከተለኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ጓደኛዬ ቀድማ ተነስታ ስለ ጥላሸቱና ስለ አዝመራው ተናገረች። ስትቀመጥ ጥሩ ተጨበጨበላት። ቀጥሎ የተነሳው ከሕግ ተማሪዎቹ አንዱ፣ ያለፈው ዓመት ምርጥ ተናጋሪ የተባለው ነው። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሳይቸኩል ያወራል።

«የአንኮበርን ቁልቁለት የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» አለ። ግማሹ አዳራሽ እጁን አወጣ። «ሾፌሩ ሲወርድ ድንገት ከብት መንገዱ ውስጥ ቢገባበት ተሳፋሪውን ድምፅ ያሰጣል? ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ እኮ ሁሉም ገደል ገብተዋል። የአገር መሪም እንደዚያው ነው። በደቂቃ የሚወሰን ነገር ለስብሰባ አይሰጥም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጓደኛዬ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ መሸነፋችንን አምናለች። እኔ ግን ከኋላ ወንበር አባቴን አየሁት። እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ አላጨበጨበም። ተራዬ ደርሶ ስነሳ ተዘጋጅቼበት የነበረውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼው ሄድኩ።

«እኔ የሾፌር ልጅ ነኝ» አልኩ። «ያን ቁልቁለት ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ስወርድ ስወጣ ነው ያደግሁት። አባቴ ፍሬን ለመያዝ ማንንም አስፈቅዶ አያውቅም፤ እንዲያስፈቅድም አልፈልግም። ፍሬን የሚይዘው ሰው እንዲተርፍ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ስለ ፍሬን አይደለም። መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ መሪውን ጠምዝዞ የተሳፈረውን ሁሉ ገደል ስለሚከት ሾፌር ነው። ያኔ ከጎኑ ያለ ሰው እጁን መያዝ መቻል አለበት።»

«መሪ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ያስተዋልኩት አዳራሹ ሲስቅ ነው። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ ወደ ወታደሮቹ አለፍኩ።

«ቁልፉን የሚያዞሩት ሁለት እንዲሆኑ የተደረገው አንዱ ቢናደድ፣ አእምሮው ቢታወክ፣ ቢሳሳት ተብሎ ነው። የሚያዛቸው ሰው አይናደድም? አይሳሳትም?»

መሃል የተቀመጡት ዳኛ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ መምህርት፣ እጃቸውን አነሱ። «የጠላት ሚሳይል ተተኩሶ እየመጣ ቢሆንስ? ያኔም ምክር ቤት ይሰብሰብ ነው የምትዪው?»

ጥያቄውን ልሸሸው እችል ነበር፤ አልሸሸሁትም።

«አይደለም፣ መምህር። እየመጣ ላለ ጥቃት ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ጊዜ የለም፤ እዚያ ላይ ተከራካሪዬ ልክ ነው። ያኔም ቢሆን የሁለተኛ ሰው ስምምነት ይጨመር እላለሁ። ማንም ሳይተኩስበት ቀድሞ ለመተኮስ ግን ጊዜ አለ። ለዚያ የሕዝቡ እንደራሴዎች መፍቀድ አለባቸው። ጊዜ የለኝም የሚል ካለ ያቻኮለው ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ነው።»

ሦስቱም ዳኞች ለእኛ ፈረዱ። ውጤቱ ሲነበብ ቃሉን በደንብ አልሰማሁትም፤ ጓደኛዬ አቅፋ ከመሬት ስታነሳኝ ነው የገባኝ። አባቴ ወንበሮቹ መካከል ቆሞ እጆቹን ከራሱ በላይ አድርጎ ያጨበጭባል። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ሲያጨበጭብ አይቼው አላውቅም። አጠገቡ ለተቀመጡት ተማሪዎች፣ «የኔ ልጅ ናት» ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

የሕጉ ተማሪ መጥቶ ጨበጠኝ። «ሾፌሩን ባላነሳው ኖሮ» አለና ሳቀ። ከዚያ አባቴን ጨበጠ። አባቴም ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አነጋገርህ ደስ ይላል። ና፣ ሻይ እንጠጣ» አለው።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት ገባን። ዋንጫውን ጠረጴዛው መሃል አቁመን ፓስቲ ታዘዘ። ልጁ የሁለተኛው ሰው ስምምነት እንዴት በሕግ እንደሚጻፍ ከእኔ ጋር እንደገና ክርክር ጀመረ፤ አሁን ግን ከእኛ ወገን ሆኖ ነበር የሚያስበው። ጓደኛዬ እናቷ ጋ እነዋሪ ደወለች።

«አሸነፍን፣ እማዬ» አለች። «አይ፣ ኳስ አይደለም። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»

ቆማ፣ አንድ ጆሮዋን በእጇ ይዛ፣ ጮክ ብላ መንገር ጀመረች። በየጠረጴዛው የነበረው ሰው ወሬውን አቁሞ ያዳምጣት ጀመር።