የአበቃለት አኩራፊ ፍሪጅ

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ግን ማን ይጠራው! ሰፈሩ የሚያውቀው «አበቃለት» በሚለው ቅጽል ነው። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነበር። ጠጋኝ ደግሞ መቼም ተስፋ መስጠት ያውቅበታል፤ «ትንሽ ጋዝ ነው የጎደላት»፣ «እስቲ ነገ ብቅ በሉ» እያለ ሰው ያመላልሳል። ይሄኛው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። መዳፉን ከፍሪጁ ጀርባ ሞተሩ ላይ ጫን ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። የሚድን ከሆነ ምንም ሳይተነፍስ ካቻቢቴውን ያነሣል። የማይድን ከሆነ ደግሞ ብድግ ይልና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አበቃለት» ይላል። ማባበል የለ፣ ማስታመም የለ።

አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ ልጄ፣ እንደገና እየው! የባለቤቴ ማስታወሻ ነው» ብለው ቢለምኑት፣ «ባለቤትዎ ጥሩ ሰው እንደነበሩ አልጠራጠርም እማማ፤ ሞተሩ ግን ተቃጥሏል» አላቸው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ቅዝቃዜ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ሞተሩ ሲሠራ ነበረ፣ ሞተሩ ሲቆም ቆመ።»

ይህችን መልስ ለስንቱ ደንበኛ እንደመለሳት እሱም አያውቅም። የገዛ ቤቱን የምታምስ መልስ መሆኗን ቢያውቅ ኖሮ ምላሱን ይነክስ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ደረጃ ላይ ነው። የሰው ፍሪጅ በጀርባው አዝሎ ወደ ፎቅ ሲወጣ ደረቱን ጨመቀው፤ ዕቃውን አስቀምጦ እላዩ ላይ ተደገፈ። ሰዎች ደርሰው ከተደገፈው ፍሪጅ ጋር አወረዱትና ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር፤ መቼም ጨዋነት ሲበዛ ነገር ያንዛዛል። «እንግዲህ ልብ ስንል… ዕድሜም አለ… ደከም ማለቱ ያለ ነው…» እያለ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድበት አበቃለት ትዕግሥቱ አለቀ።

«ዶክተር፣ እኔም ጠጋኝ ነኝ። ይድናል ወይስ አበቃለት?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየው። «አላበቃለትም። ግን ከእንግዲህ እንደ አያያዝዎ ነው፤ የሚቀየር ዕቃ የለኝም።»

«እንዲህ ንገረኝ እንጂ!» አለ አበቃለት፣ እጁንም ጨበጠው። እውነቱን ስለነገረው ሰውየውን ወዶት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከመስኮቱ ሥር መኪናዋን እየረገጠች አገኛትና ለደንበኛ እንደሚነግር አድርጎ ነገሩን ቁጭ አደረገላት። ልቤ አሮጌ ሞተር ሆኗል፣ የሚቀየር የለውም፣ እስከሄደ ይሄዳል። ሴትዮዋ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀረ። አለቀሰች፤ ለሰው ልትሰፋው በያዘችው ጨርቅ ዐይኗን ጠረገች፤ ከዚያም ቀስ ብላ፣ «መቼም እዚያ እንገናኛለን፣ አይደል?» አለችው።

«የት?»

«እዚያ ነዋ!»

ምን ነበረበት «አዎ» ቢል? አንዲት ቃል ናት! ሌላው ባል ቢሆን አዎ ብሎ ራቱን በልቶ ይተኛ ነበር። አበቃለት ግን አፉን ከፈተና ያቺው የተረገመች መልስ ወጣች። «ሆዴ፣ እዚያ የሚባል ቦታ ያለ አይመስለኝም። ሞተሩ ሲቆም…»

«ፍሪጅ አደረግከኝ?» ቱግ አለች። «ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ፣ ከዚያ ወዲያ ልታገኘኝ እንኳ አትፈልግም ማለት ነው!»

«መፈለግማ እንዴት አልፈልግም? የመፈለግ ጉዳይ እኮ አይደለም!»

ማን ይስማው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አኮረፈች። ማኩረፏም እንደ ሰው ዝም ማለት አይደለም፤ ማንም በሌለበት ቤት ለግድግዳው፣ «ሰውየው ምሳ ይበላ እንደሆን ጠይቁት» ትላለች። እሱም ለግድግዳው፣ «ይበላል በሏት» ይላል። ማታ ጀርባዋን ሰጥታው ስትተኛ እሱ ጣራ ጣራውን እያየ ያችን ቃል አፉ ውስጥ ያገላብጣታል። እንገናኛለን። ለሷ ሲል ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ ስለሚወዳት። ግን ታውቀዋለች፤ ገና ከአፉ ሳትወጣ ውሸት መሆኗን ታውቃለች። ያኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ ዘመን የነገራትን ሁሉ መጠርጠር ትጀምራለች ብሎ ፈራ።

በዚህ መሐል የሚስቱ ታላቅ እህት መጣች። እታለም ይሏታል። እታለም ስለ ወዲያኛው ዓለም ስታወራ ቀድማ ሄዳ ቤት ተከራይታ የተመለሰች ትመስላለች፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ትነግርሃለች። ገና ከመቀመጧ ጀመረችው።

«ሰማህ ወይ፣ ዛሬ እንኳ ልብህን አስተካክል!»

«እሱንማ ሐኪሙም አልቻለ፣ እታለም።»

«ቀልድ! የሞተ ተጎዳ ሲባል አልሰማህም?»

«እንዴት ተደርጎ ይጎዳል? ለመጎዳት እኮ መጀመሪያ መኖር ያስፈልጋል።»

ሚስቱ ለግድግዳው፣ «መልሱን ስሙልኝ!» አለች።

እታለም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነት ተናገር እስቲ። አያስፈራህም?»

«ያስፈራኛል እንጂ! ደረጃው ላይ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ግን ሳስበው፣ ከመወለዴ በፊት ያን ሁሉ ዘመን አልነበርኩም፤ ያኔ አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ወደዚያው ነው የምመለሰው።»

«ያኔማ ሚስት አልነበረችህም!» አለች እታለም።

እታለም ይህን ያለችው ለነገር ያህል ነው፤ ወዲያው ስለ ጉልበቷ ሕመም ማውራት ጀመረች። አበቃለት ግን ክው አለ።  እውነቷን ነው! እሱ ስለራሱ ሂሳቡን ጨርሷል፤ የትም የማይኖር ሰው ምን ይሆናል? ምንም። የምትቀረው እሷ ናት። የሞተ ሳይሆን የቀረ ነው የሚጎዳው። ይሄን ሁሉ ሰሞን ክርክሩን እያሸነፈ፣ ከቶ ምን ትሆናለች ብሎ አልጠየቀም። አፈረ።

እታለም ከሄደች በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ፤ የጠጋኙ ቤት ፍሪጅ የሚያሳፍር ነበር። በሯ ከአንድ የሞተ ፍሪጅ፣ ሆዷ ከሌላ፣ ሞተሯ ከሦስተኛ የተለቃቀመ ነው። ስሟም አኩራፊዋ ነው። ደስ ባላት ሰዓት ቀጥ ትላለች፤ ያኔ ሚስቱ፣ «አንተ! አኩራፊዋ ቆመች!» ብላ ትጣራለች፣ እሱ ይመጣና በጉልበቱ ከጎኗ ገፋ፣ በጡጫው ከላይዋ ደቃ ሲያደርጋት እያጉረመረመች ትነሣለች። ከሱ በቀር ለማንም ታዝዛ አታውቅም። ልጠግንሽ ልጠግንሽ እያለ ዓመታት አለፉ፤ ሁልጊዜ የሰው ይቀድማል። አሁን ደግሞ ከነአኩራፊነቷ ለሚስቱ ትቷት ሊሄድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ፍሪጇን ከግድግዳው አላቀቀና ዕቃዎቹን ወለሉ ላይ ዘረጋ። ሚስቱ ስትመለስ መሬት ተቀምጦ፣ ካቻቢቴ በአፉ ይዞ፣ ፒንሳውን ሲፈልግ አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?» ግድግዳውን ረስታ ለሱ ተናገረች።

ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ። «ልጠግናት ነው። እኔ የሌለሁ ቀን ማን ይመታልሻል?»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። «ያን ቀን አንተ የት ትሆናለህ?»

የመጨረሻ ዕድሉ መሆኑን አወቀ። ያቺ ቃል እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«የትም፣ ሆዴ» አለ። «እዚያ የሚባል ቦታ ብሠራልሽ በወደድኩ። ከሞተ ዕቃ ለቃቅሜ እንኳ ብሠራልሽ! ግን አልችልም። ያለኝ ይሄ አሁን ያለሁበት ጊዜ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ላንቺ ነው፣ ሙሉው። ለማንም አላካፍልብሽም፣ ለደንበኛም።»

 እንባዋ ወረደ፤ ይህን ጊዜ ግን አልጠረገችውም። ቦርሳዋን ጣለችና ወለሉ ላይ፣ ካቻቢቴዎቹ መሐል፣ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«እንግዲያው አትጠግናት» አለችው።

«እንዴ! ለምን?»

«እዚያም የማላገኝህ ከሆነ፣ ጥለኸኝ ስለሄድክ ማንን ልምታ?»

አበቃለት ትን እስኪለው ሳቀ። ደረቱን ይዞ ሲስቅ እሷ ደንግጣ፣ «አትሳቅ! አንተ ሰው፣ ሐኪሙ አትድከም አላለህም?» እያለች ጀርባውን ትደበድባለች፤ ወዲያው ደግሞ እሷም መሳቅ ጀመረች፣ ከነእንባዋ። ሲበርድላቸው ዕቃዎቹን ሰብስቦ ወደ ሣጥኑ መለሰ። ፍሪጇን ለሁለት ገፍተው ወደ ግድግዳው አስጠጓት፤ ሰካት። እንደ ልማዷ ድርቅ አለች።

«በይ ነይ» አላት። «ጉልበትሽን እዚህ ጋ። አዎ። አሁን በጡጫሽ ከላይ። ኧረ ዳበስሻት እኮ! ጠንከር አድርጊ።»

እንደገና መታች። አኩራፊዋ ትንፍሽ አላለችም።

«እኔን እያሰብሽ ምቺያት እስቲ።»

ሴትዮዋ ጥርሷን ነክሳ ደቃቻት። አኩራፊዋ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠችና እያጉረመረመች ተነሣች። አበቃለት መዳፉን ሞተሩ ላይ ጫን አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠና፣ «አላበቃላትም» አለ።

እሱ ይህን እያለ ሚስቱ አንድ ጊዜ ደግማ ደቃቻት።

«እንዴ! ተነሣች እኮ! ይሄኛው ደግሞ ለምን?»

«ልለማመድ ብዬ ነው» አለችው፤ ክንዱንም ያዝ አድርጋ አልለቀቀችውም።