የእናቴ የጉንፋን ክትባትና የአቡያ ከብቶች

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ምናልባትም አሥራ አራት። እናቴ የልጅ ዕድሜ የምትቆጥረው በዝናብ ስለነበር ልኩን አላውቅም። የነገሌን ክሊኒክ ደጅ ግን ከማንም ልጅ ይበልጥ አውቀው ነበር። እናቴ የልብ ድካም ነበረባት። እግሯ ያብጣል፤ በጣቴ ስጫነው የጣቴ ጉድጓድ እስኪሞላ ብዙ ይቆያል። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሦስት ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነበር የምትተኛው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ብትሄድብኝ የማን እንደምሆን ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ አስቤ ግን አውቃለሁ።

በዚያ ዓመት ከሞያሌ የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ክፉ ወሬ አመጡ። ከድንበሩ ወዲያ ብርቱ ጉንፋን ገብቶ ሰዉን አልጋ ላይ እየጣለው ነው አሉ። የከተማው ሽማግሌዎች የኅዳር በሽታ ተመልሶ መጣ እያሉ ሲያወሩ፣ አንድ ቀን የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋው የጤና ረዳት፣ ቤታችን ብቅ አለ። ወጣት ነው፤ እናቴን እንደ ታላቅ እህቱ ያከብራታል።

«እትዬ፣ የዚህ ጉንፋን ክትባት በአውሮፕላን መጥቶልናል። ጥቂት ብልቃጥ ነው። ቅድሚያ የሚወጋው ልቡ ወይም ሳንባው የደከመ ሰው ነው። ሐሙስ ከቀትር በፊት ይምጡ፤ የተረፈው ከሰዓት ወደራ ከተማ ይሄዳል።»

እናቴ እሺ አለች። እሺታዋ ግን እስከ ረቡዕ ብቻ ቆየ።

ረቡዕ አቡያ መጡ። አቡያ በቦረና የእናት ወንድም ነው። ከብቶቻቸውን ቆላ ትተው ጨው ሊገዙ ነበር ከተማ የገቡት። «አካም፣ ናጋ?» «ናጋ» ተባብለው ሲያበቁ እናቴ የክትባቱን ነገር አነሳች። አቡያ ሊጠጡ ያነሱትን ወተት መልሰው አስቀመጡ።

«ማንን ነው የሚወጉት? አንቺን?»

«እኔን። ልቡ የደከመ ይቀድማል ነው የሚለው ድሬሰሩ።»

«ይሄ ልጅ ላም አይቶ ያውቃል?»

ከዚያ አስረዱን። የከብት ሐኪሞች ለደስታ በሽታ፣ መንጋ ለሚጨርሰው የከብት ወረርሽኝ፣ ክትባት ሲመጡ ከብቱን በጠባብ አጥር መሃል አንድ በአንድ ያሳልፉታል። ወፍራሙን ይወጋሉ። የከሳችውን፣ የምታስለውን፣ ትኩሳት ያለባትን ግን በበትር ነካ አድርገው «ይቺን አውጣት» ይላሉ። አንድ ዓመት ጎረቤታቸው የከሳች ጊደር ከወፍራሞቹ መሃል ቀላቅሎ አስወጋ፤ ጊደሯ በሳምንቷ ሞተች።

«ክትባት የጤነኛ ነው» አሉ አቡያ። «ደካማው ይቅደም የሚል ሐኪም ወይ ተሳስቷል፣ ወይ መድኃኒቱን ሊሞክርብሽ ነው።»

እናቴ ያቺን ጊደር ታውቃታለች። እግሯን ተመለከተችና «እንግዲያው ይቅርብኝ» አለች።

እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የከብቱን ክትባት አጥር ላይ ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አቡያ አልዋሹም። ድሬሰሩም ውሸታም አይደለም። ሰው ከላም በምን ቢለይ ነው የዚህ ደካማ የሚቀድመው፣ የዚያ ደካማ የሚቀረው? ሐሙስ ጠዋት ስኳር ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና በቀጥታ ክሊኒክ ሄድኩ።

ደጁ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ፖሊስ፣ ነጋዴ፣ ከዘበኛው ጋር የሚጨቃጨቁ ደረተ ሰፊ ሰዎች። እግሩ ያበጠ አንድም የለም። ድሬሰሩ መርፌ እየቀቀለ ነበር።

«እትዬ የታሉ?»

«አትመጣም። የከሳች ላም አትከተብም ብለዋል አቡያ።»

ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠና ስም የተጻፈበትን ወረቀት አነሳ። ምልክት ያልተደረገባቸውን ስሞች በጣቱ እየነካ ወረደ። «እነዚህም የከብት አርቢ ቤተሰቦች ናቸው። ለዚህ ነው እንዴ የቀሩት? እኔ እኮ መርፌ ፈርተው መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ የከብት ሐኪሞቹ የከሳችውን ላም ለምን አይወጓትም?»

«የከብቱ ክትባት ውስጥ ያለው ተሕዋስ ተዳክሟል እንጂ አልሞተም። ብርቱዋ ላም ታሸንፈዋለች፤ የከሳችው ላትችል ትችላለች። የእኛው ግን የሞተ ነው፤ እትዬን ጉንፋን ሊያስይዛቸው አይችልም።»

«የሞተ ከሆነ ምን ይሠራላታል?»

«እሱን በቀላሉ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም» አለ። መርፌውን ለባልደረባው ሰጥቶ ወደ ቤት ተከተለኝ።

አቡያ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። «ላም የማያውቀው ሐኪም አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለና ለእኔ ያለኝን ደገመላቸው። አቡያ አድምጠው ሲጨርሱ የጠየቁት የእኔኑ ጥያቄ ነው። «የሞተ ነገር ምን ይሠራላታል?» ድሬሰሩ «ሰውነቷ በሽታውን ቀድሞ... እንዴት ልበልዎ» አለ። አቡያ መሬቱን በበትራቸው ጫር አደረጉና «የአንበሳ ቆዳ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«በበጋ አንበሳ ገድለን ቆዳውን በረቱ አጠገብ አሰጣነው። አንበሳ አይተው የማያውቁት ጥጆች እንኳ ሸቷቸው ደነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያ ሽታ በነፋስ ከመጣ ተሰብስበው ይቆማሉ። ቆዳው አይናከስም። እነሱ ግን አወቁት።»

«እሱው ነው! እሱው ነው አባባ!» ድሬሰሩ አጨበጨበ።

«ታዲያ ተምረህ መጥተህ ይህን እኔ ልንገርህ?»

ድሬሰሩ ወደ እናቴ ዞረ። «እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ክትባቱ የሚሠራው ዕንቁላል ውስጥ ነው። ዕንቁላል ሲበሉ ያሳክክዎታል?»

በዚያ ዘመን ለቦረና ከብት አርቢ ዕንቁላል ምግብ አይደለም፤ አቡያ ቱግ አሉ። «የእኛ ቤት ልጅ የዶሮ ነገር አትቀምስም!»

«አያሳክከኝም» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

አቡያ ትክ ብለው አዩዋት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ካገባሁ ጀምሮ።»

እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እናቴ ግን ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። «ጉንፋኑ መንገድ ላይ ነው፤ አንተ ደግሞ ዕንቁላል ትቆጥርብኛለህ። ክንዱ የእኔ ነው። ቀትር ሳይሆን እንሂድ።»

በመንገድ ሦስቴ ቆማ ተነፈሰች፤ አቡያ ክርኗን ይዘዋት ነበር። ክሊኒክ ስንደርስ እጅጌያቸውን ሰብስበው «መጀመሪያ እኔን ውጋኝና ትየው» አሉ።

«አንቱማ ጤነኛ ነዎት፤ ለአንቱ የሚሆን የለም።»

«በጤናዬ ስባረር ገና ዛሬ ነው» ብለው እጅጌያቸውን መለሱ።

እናቴን ክንዷን ሁለት ቀን አመማት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉንፋኑ ነገሌ ገባ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኔ ራሴ አምስት ቀን ተኛሁ። እናቴ ጥቂት አሳላት እንጂ አልወደቀችም፤ ቁጭ ብላ አስታመመችኝ። ስድን ሮጬ ድሬሰሩን ጠየቅኩት። «ክትባቱ ነው ያዳናት?»

«ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰው አይታወቅም» አለኝ። የሚያውቀውንና የማያውቀውን እንዲህ ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመኝም። እናቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብራኝ ቆየች።

አቡያ በዓመቱ ከቆላ ተመልሰው መጡ። የአባታቸውን እህት፣ እግሯ ያበጠና መተንፈስ የሚያቅታትን አሮጊት ይዘው ነበር። ድሬሰሩ ዘንድሮ ክትባቱ እንዳልመጣ ነገራቸው። ሌላ የት እንደሚገኝ ጠየቁት፤ ምናልባት ሻኪሶ፣ የወርቅ ማዕድኑ ሠራተኞች ዘንድ ይኖር ይሆናል አላቸው። እኛ ቤት ውሃ ብቻ ጠጡ። አክስታቸውን ደግፈው ጭነት መኪና ላይ አወጧት፤ እሳቸውም ከኋላዋ ወጥተው ወደ ሻኪሶ ሄዱ።